ከአንተ የገለበጡ ስንት ናቸው?

ነሐሴ 9 ቀን 2000 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል አልፏል። አዲስ አበባ ላይ የክረምቱ ዝናብ ሳያባራ ይወርዳል፤ የእኔ ልብ ግን ከቢሮው ከወጣ ቆይቷል። ማክሰኞ ቡሄ ነው። ስሟ ከበዓሉ ስም ጋር አንድ በሆነ ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ደብረ ታቦርን ከደብረ ታቦር ውጭ ሲያከብር በሰው ቤት የተቀመጠ ያህል ይሰማዋል። ቅዳሜ ንጋት ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ተነሥቼ፣ ባሕር ዳር አድሬ፣ እሑድ በወረታ በኩል አገሬ ለመግባት ትኬቴን ቆርጫለሁ። የቀረኝ የሳምንቱን ሥራዬን ወደ ጋራው ማከማቻ መላክ ብቻ ነበር። ላክሁት። ኮምፒውተሬን አጠፋሁ። ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

ግጥምና ልቦለድ ፈልጎ የመጣ አንባቢ የኮምፒውተር ነገር እንደማይናፍቀው አውቃለሁ። ነገር ግን ፕሮግራምም የሚጻፍ ነገር ነው፤ እኛም በመንገዳችን ጸሐፊዎች ነን። አምስት ሰዎች አንድ ድርሰት በጋራ ይጽፋሉ እንበል። ልቦለድ ቢሆን ኖሮ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ቢበላሽ አንባቢ ተነጫንጮ ወደ አራተኛው ያልፋል። ፕሮግራም ግን እንዲህ ያለ ይቅርታ አያውቅም። በአንዱ ጥግ የተጠራ ስም በሌላው ጥግ ባለቤት ካጣ ጽሑፉ በሙሉ ፕሮግራም መሆን ይሳነዋል። ጽሑፉን ወደሚሠራ ፕሮግራም መለወጡን በሙያችን ቋንቋ “ቢልድ” እንለዋለን። ቢልዱ ወደቀ ማለት አንድ ሰው ተሳሳተ ማለት ብቻ አይደለም፤ ከጋራው ማከማቻ የቅርቡን ቅጂ የወሰደ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ማለት ነው። የገዛ ሥራው ትክክል ይሁን አይሁን እንኳ ሊፈትን አይችልም።

በቢሮአችን ግድግዳ ላይ በአንድ ወረቀት የተጻፈ ሥርዓት ተለጥፎ ነበር። ከመላክህ በፊት የሌሎቹን አዲስ ሥራ ወስደህ ከአንተው ጋር አዋሕድ፤ ቢልድ አድርግ፤ ፈተናዎቹን አስኪድ፤ ከላክህ በኋላ ደግሞ በባዶ ፎልደር ውስጥ ሁሉንም እንደ አዲስ አውርደህ አንድ ጊዜ ድገም፤ መቆሙን ሳታይ ከወንበርህ አትነሣ። ይህ ሁሉ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የመጨረሻዋን መሥመር ሳትዘልል የምትከተል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የቡድናችን ኃላፊ። እኛ አራቱ በልባችን እንስቅባት ነበር።

የእኔ ድርሻ የዘመን አቆጣጠሩ ነበር። ደንበኛችን የሆነው መሥሪያ ቤት መዛግብቱን የሚይዘው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ደግሞ የፈረንጁን ነው። ዐሥራ ሦስተኛዋን ወር፣ በአራት ዓመት አንዴ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት ቀን የምትሆነውን ጳጉሜን፣ በዚያም ምክንያት አንድ ቀን ገፋ የሚለውን ዕንቁጣጣሽ፣ ይህን ሁሉ የሚያስታርቅ አዲስ ፋይል በዚያ ሳምንት ጽፌ ጨርሼ ነበር። ሌሎቹንም ፋይሎች ይህን አዲሱን እንዲጠሩ አድርጌ አስተካከልሁ። ያን ጊዜ የምንጠቀምበት መዝጋቢ ሰብቨርዥን ይባላል፤ አዲስ ፋይል ሲፈጠር “ይህንንም ያዝ” ካላሉት አይዘውም። ጠሪዎቹን ሁሉ ላክሁ። ተጠሪው እኔ ኮምፒውተር ላይ ቀረ።

በእኔ ዘንድ እኮ ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። ፋይሉ በእጄ አለና።

ስለ መንገዱ አልተርክም። ሰኞ ረፋዱ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቼ፣ ቻይናዎች በሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ እስከ ክምር ድንጋይ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ወደ አጎቴ ሄድሁ። አጎቴ በጉና ግርጌ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣ ተራራ ነው፤ በነሐሴ ግን ተራራ መሆኑን በእምነት ነው የምንቀበለው፤ ከጉም በቀር የሚታይ የለም። ስልክም አይሠራም። (የደብረ ታቦር ሰው ስለ ቴክኒክ ሲጽፍ ጋፋትንና ሴባስቶፖልን ሳያነሣ አያልፍም፤ ይኸው አነሣኋቸው፤ በዚሁ ይብቃቸው።)

የቡሄ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሙልሙሉን በልተን፣ የልጆቹን ጅራፍ ስሰማ ቆይቼ፣ እናቴ ጋ ልደውል ብዬ ኔትወርክ አለበት ወደሚባለው ኮረብታ ወጣሁ። ጫፉ ላይ ስደርስ ስልኬ ተንጫጫ። ሰባት መልእክት። ሁሉም በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት የተላከ ነው፤ “ሰላም ነህ? ሲመችህ ደውል።” ሁለተኛው፣ “ይቅርታ በበዓል ስላስቸገርንህ፤ አንድ ትንሽ ጥያቄ ነበረችን።” ሦስተኛው ስለ ቤተሰቤ ጤና ይጠይቃል። እንዲህ እያሉ ይቀጥላሉ። ከሰባቱ አንዱ እንኳ “ቢልዱን ሰብረኸዋል” አይልም። የመጨረሻው ማክሰኞ ቀትር ላይ የተላከ፣ የኃላፊያችን ነበር፤ “እንኳን አደረሰህ። አታስብ።”

አታስብ የተባለ ሰው ማሰብ ይጀምራል። ከባልደረቦቼ ወደ አንዱ ደወልሁና እየተግደረደረ ነገሩን ሁሉ ነገረኝ።

ሰኞ ጠዋት አራቱም የቅርቡን ቅጂ ወስደዋል፤ አራቱም ዘንድ ወድቋል። ኮምፒውተሩ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ስም የሚጠራ አለ፣ የተጠራው የለም። ሰብቨርዥን ደግሞ የቀደመውን ሁሉ አይጥልም፤ የእኔን የዓርብ ሥራ ከማከማቻው ላይ መልሶ፣ ሐሙስ ወደ ነበረበት መመለስ የዐሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን አራቱም ያውቃሉ። አራቱም አላደረጉትም። “እንዴት የሰው ሥራ በሌለበት ይነሣል?” አለኝ። “ቅር ይልሃል ብለን ነው።” ቀኑን ሙሉ ሲደውሉልኝ ዋሉ። ማታ ሁሉም ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ኃላፊያችን ቀረች። ማክሰኞ ጠዋት ሥራውን ለደንበኛው የምታሳየው እሷ ናትና፣ የጎደለውን ፋይል ከባዶ ተነሥታ በአንድ ሌሊት እንደገና ጻፈችው።

ጠዋት ፕሮግራሙ ቆመ። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ሰብሰብ ብለው ከተቀመጡት ሰዎች መካከል ተነሥተው፣ እስቲ እኔ የማልረሳውን ቀን ላስገባ ብለው ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ጻፉ። የሚሌኒየሙ ዋዜማ ነው፤ ማንም ሰው ያን ዕለት የት እንደ ነበረ ያስታውሳል። ፕሮግራሙ “ይህ ቀን የለም” ብሎ መለሰላቸው።

ሰዎቹ ሳቁ አለኝ ባልደረባዬ። ከዚያ በኋላ ግን የሳቀ አልነበረም። “ምክንያቱ ምንድን ነው?” ተብላ ስትጠየቅ፣ “የእኔ ጉድለት ነው፤ እናስተካክላለን” ብላ ተቀምጣለች። የእኔን ስም አላነሣችም።

ከኮረብታው ስወርድ ፊቴ ጠቁሮ ኖሮ አጎቴ ገና ከበር “ምን ሆነሃል አንተ ልጅ? ሰው ታመመ?” አሉኝ። አልታመመም አልሁ። የሆነውን ለማስረዳት ሞከርሁ። ኮምፒውተር አይተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ስለ ጽሑፍ ግን የሚያስተምራቸው ሰው አልነበረም። “የኔታ፣” አልሁ፤ እንደ መንደሩ ልጅ ሁሉ የኔታ ነው የምላቸው፤ “አምስት ሆነን አንድ መጽሐፍ እንጽፋለን። እኔ አንድ ቅጠል በአኮፋዳዬ ይዤ ሄድሁ። የቀሩት መጽሐፉን ዘርግተው ማዜም አቃታቸው።”

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ስለ ድጓቸው ነገሩኝ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ይህን ታሪክ ደጋግሜ ባስታወስሁት ቁጥር የሙያዬን ነገር የተረዳሁት ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሳይሆን ከዚህ ነውና። ድጓ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ፣ ከመስከረም ዮሐንስ ጀምሮ ዓመቱን በዓል በበዓል፣ ሳምንት በሳምንት ተከትሎ የሚሄድ የዜማ መጽሐፍ ነው። መነሻው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም እንደ ሆነ ይታመናል። ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚሰፍሩት ምልክቶች የኋላ ናቸው፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፤ እያንዳንዱ የድምፅ መውጫና መውረጃ፣ መያዣና መቁረጫ ነው። የድጓ ተማሪ መጽሐፍ ገዝቶ አይማርም፤ የራሱን ድጓ በራሱ እጅ ይጽፋል። ስለዚህ በአገሩ ላይ ያለው ድጓ አንድ ነው እንላለን እንጂ፣ ብራናው በተማሪዎቹ ቁጥር ነው። ሁሉም ይገለብጣል፤ ሁሉም ከሌላ ይገለብጣል። ተሳስቶ የገለበጠ ተማሪ ነገ መምህር ይሆንና ስሕተቱን ያስተምራል። አንድ ትውልድ ሲያልፍ፣ በአንድ ማሕሌት ላይ ግራና ቀኝ የቆሙ ሊቃውንት አንዱ ሲያነሣ አንዱ ሲጥል ይገኛሉ።

ይህ እንዳይሆን ነው ማስመስከር የተሠራው። የእኛ የደቡብ ጎንደር ደጋ ደግሞ የማስመስከሪያ አገር ነው። ደብረ ታቦር ኢየሱስ በአቋቋም ስሙ የታወቀ ነው፤ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ ይኬዳል፤ ለድጓ የጋይንት ቤተ ልሔም። የቆማና የአጫብር ስልት የሚባሉ ሌሎች ዜማዎችም አሉ፤ በሰፊው አገር የሚዜመው ግን የቤተ ልሔም ነው። አንድ ሰው የትም ይማር የት፣ የድጓ መምህር ሆኖ ወንበር ከመዘርጋቱ በፊት መጽሐፉን ተሸክሞ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል። እዚያ ያዜማል፤ ይሰሙታል፤ የጎበጠው ይቃናል። በግድግዳችን ላይ የተለጠፈችው ወረቀት “ከላክህ በኋላ በባዶ ፎልደር ድገም” የምትለው ይህንኑ ነው። በራስህ ቤት የሚዜመው በሌላ ሰው ጆሮ ፊትም ይቆም እንደ ሆነ እይ ማለት ነው።

አጎቴ ድጓቸውን አራት ዓመት ጽፈው፣ ሌላ ስንት ዓመት ተምረውበት ነው ወደ ቤተ ልሔም የሄዱት። ሲያዜሙ ሰነበቱ፤ ምንም አልተባሉም። አንድ ቀን ከአስተምሕሮው ክፍል አንድ ቅጠል ላይ ሲደርሱ መምህሩ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። “መልስ።” መለሱ። እንደገና መቱ። “መልስ።” ርክርክ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ጭረት ጽፈው ነበር። በዚያ ሁሉ ተማሪ መካከል ምላጭ ተሰጣቸው። ብራናውን ፍቀው፣ ቀለም ነክረው፣ ትክክለኛውን ጽፈው፣ ከመጀመሪያው አዜሙት።

“አላፈሩም?” አልኋቸው።

“ለምን አፍራለሁ? እሳቸውም ተፍቆላቸው ነው የተማሩት። ያፈርሁት ኋላ ነው።” አሉ። “ወጥቼ ስቀመጥ ትዝ አለኝ። ያንን ቅጠል ከእኔ የገለበጡ ሦስት ተማሪዎች ነበሩ።”

አንዱ እስቴ ነበር፤ አንዱ ደብረ ታቦር፤ አንዱ ወዴት እንደ ሄደ አይታወቅም። በጋ እስኪሆን ጠብቀው ወጡ። እስቴ የነበረውን በሁለት ቀን መንገድ አገኙት፤ አብረው ፋቁ። የደብረ ታቦሩ ደግሞ ከእሱ የገለበጡ ሁለት ሌሎች እንዳሉ ነገራቸው። እነሱንም ፈለጉ። ሦስተኛውን ተማሪ እስከ ዛሬ አላገኙትም። “አንድ ቦታ ላይ በእኔ ጭረት የሚያዜም ሰው አለ” አሉና ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

“ከአንተ የገለበጡ ስንት ናቸው?” አሉኝ።

“አራት።”

“ያሉበትን ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ።”

“እንግዲያስ ምን ያስለቅስሃል?” ብለው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። ፋይሉን በሁለት ደቂቃ ላክሁ። ባልደረቦቼ “ቡሄ እንዴት ነበር?” አሉኝ፤ መልካም ነበር አልሁ። ኃላፊያችንም “እንኳን በሰላም መጣህ” አለችኝ። ያመጣሁትን ሙልሙል ቆርሰን በላን። አጎቴ በሁለት ቀን መንገድ የሄዱትን እኔ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው መሻገር አቃተኝ። ያልሁት ነገር አለ፤ ግን ምን እንዳልሁ ልብ በሉ። “ፋይሉ ተረስቶ ኖሯል” ነው ያልሁት። ቋንቋችን ለዚህ የተመቸ ነው፤ ረሳሁ ማለት ሲያሳፍር ተረሳ እንላለን፤ ሰበርሁ ማለት ሲከብድ ተሰበረ። ድርጊቱ አለ፣ አድራጊው የለም። ኮምፒውተሩ ሰኞ ጠዋት ለባልደረቦቼ የተናገረው ስሕተትም ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ የኃላፊያችን ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ። ምክንያቱ ያ ማክሰኞ ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም። ለመጠየቅ መብት ያለኝም አልመሰለኝም።

ከእሷ በኋላ ነው ሥርዓታችን የተስተካከለው፤ ይህም ከነገሩ ሁሉ ይቆጨኛል። ጄምስ ሾር የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ በ2006 እ.ኤ.አ. በጻፈው አንድ አጭር ጽሑፍ ላይ፣ የጋራን ሥራ ዘወትር የቆመ አድርጎ ለመጠበቅ የሚያስፈልገው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ የጎማ ዶሮና አንድ የጠረጴዛ ደወል ነው ይላል። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሥራውን የሚልክ ሰው ዶሮዋን ይይዛል፤ ዶሮዋ በእጁ እስካለች ድረስ ሌላ ሰው አይልክም፤ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ቢልዱ መቆሙን ሲያይ ደወሉን ይመታና ዶሮዋን ይመልሳል። በሙያው ይህ ልማድ አዲስ አልነበረም። ኬንት ቤክ “ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ” ያለውን አሠራር በ1999 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ ሥራን ሳያከማቹ በየሰዓቱ ማዋሐድን ከዋናዎቹ ልማዶች አንዱ አድርጎታል፤ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ክሩዝ ኮንትሮል የተባለው ፕሮግራም ቢልዱን በራሱ እየደጋገመ የሚፈትን ሆነ። ሾር ግን ማሽኑ የሰውን ጠባይ እንደማይተካ ገብቶታል።

እኛ የጎማ ዶሮ ከየት እናምጣ? አጎቴ የሰጡኝን ጭራ አምጥቼ ሚስማር ላይ ሰቀልሁት። የሚልክ ሰው ጭራውን ያወርዳል። ቢልዱ ሲቆም መልሶ ይሰቅላል። ጭራ ይዞ ቡና ሊጠጣ የሚወጣ ሰው ደረጃው ላይ ሲታይ ሁሉም ይጮህበታል። ጭራው በደንብ ሠራ።

ያልሠራው ሁለተኛው ደንብ ነበር። ቢልዱን የሰበረ ሰው በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ካላስተካከለ፣ ማንም ሰው ሳያስፈቅድ ሥራውን ያነሣበታል የሚል ደንብ አወጣን። ሁሉም እጁን አውጥቶ አጸደቀው። ከዚያ ለሦስት ወር ያህል ማንም አልተጠቀመበትም። ቢልድ ይወድቃል፤ የሰበረው ሰው ምሳ ሄዷል፤ ሦስት ሰው ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ እኔው ጀመርሁት፤ የአንዱን ሥራ አነሣሁበት። ሁለት ቀን አላናገረኝም። ራሱን መግዛት፣ ሩብ ሰዓት ታግሦ ማየት፣ ይህን ሰው በአንድ ወር ይለምደዋል። የባልንጀራን ስሕተት በፊቱ መፋቅ፣ ሲፋቁም አለመቆጣት ግን ሌላ ትምህርት ነው። በቤተ ልሔም በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት ምላጭ ሲሰጥ ማንም ተዋረድሁ አይልም፤ ምላጩ ለሁሉም የሚደርስ ነውና። እኛ ዘንድ ምላጩን የሚያነሣ ሰው ስለማይኖር፣ አንድ ቀን ያነሡበት ሰው በእሱ ብቻ የደረሰ መስሎ ይታየዋል። ይሉኝታ መልካም ጠባይ ነው ብዬ አድጌአለሁ፤ አሁንም አልክድም። ነገር ግን በዚያ ሰኞ ሦስት ጨዋ ሰዎች እኔን ላለማስቀየም ሲሉ አንዲትን ሴት ለብቻዋ ሌሊት ላይ ጥለዋት ሄደዋል።

ዛሬ ጭራው ቤቴ ነው። ሰብቨርዥንን ትተን ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ጊትን እንጠቀማለን። እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ቅርንጫፍ ይሠራል፤ ወደ ዋናው ግንድ ከመግባቱ በፊት ማሽኑ በንጹሕ ቦታ አውርዶ ቢልድ ያደርግለታል፤ ሌላ ሰው ያነብለታል። የረሳሁት ዓይነት ፋይል ዛሬ በር ላይ ይያዛል። ማሽኑ ቀይ ምልክት ያበራል። ማሽኑ የማይችለው ሰው ቀዩን እንዲያይ ማድረግ ነው። ምልክቱ ሦስት ሳምንት ቀይ ሆኖ የኖረበት ቡድን ውስጥ ሠርቻለሁ፤ “እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው” ይሉኝ ነበር። በዚያ ቀይ ሥር አንድ እውነተኛ ስሕተት ተደብቆ ሲገባ ማን ይለየዋል?

በቅርቡ አንዲት ወጣት ባለሙያ ወደ ቡድናችን መጣች፤ የአገሬ ልጅ ናት፣ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የተማረች። በገባች በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት የማታ ሥራዬ ከግንዱ ላይ ተነሥቷል። ማሽኑ የማያነበው የቅንብር ፋይል ነበር፤ ስለዚህ በሩን አልፎ ገብቷል። ልጅቷ የጻፈችው አንድ መሥመር ነው፤ “መልሼዋለሁ። ቢልዱ እኔ ጋ ወድቋል፤ አንድ ፋይል አልላክህም።” ሰላምታ የለውም። ይቅርታ የለውም። አንቱታም የለውም፤ እኔ እኮ የአባቷ ታናሽ ወንድም የምሆን ሰው ነኝ። ፊቴ ሲሞቅ ተሰማኝ። ከወንበሬ ልነሣ ስል መሥመሩን እንደገና አነበብሁት። “አልላክህም” ነው የሚለው። “አልተላከም” አይልም።

ፋይሉን ጨምሬ ላክሁ። ሩብ ሰዓት ተቀምጬ መቆሙን አየሁ።

በዚያው ምሽት ለቀድሞ ኃላፊያችን ደብዳቤ ጻፍሁ። ከአገር ከወጣች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ አድራሻዋን ለማግኘት ሦስት ሰው ጠየቅሁ። ብዙ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ስለ አጎቴ፣ ስለ ብራናው፣ ስለዚያ ሦስተኛ ተማሪ። ሁሉንም አጥፍቼ፣ “በ2000 ዓ.ም. ቡሄ ፋይሉን የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ሳላይ ወጣሁ፤ ስመለስም አልነገርሁሽም” የሚለውን ብቻ አስቀረሁ።

በሦስተኛው ቀን መለሰችልኝ። “የአንተንስ ያኔም አውቄው ነበር” ትላለች፤ “ጳጉሜን ስድስትን የረሳሁት ግን እኔ ነኝ። አጎትህ ደኅና ናቸው?”